ፋይሉን ቆልፎ ባለሙያውን መርሳት፦ በፈጠራ ሥራ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዕውቀቱ ያለው ፋይሉ ውስጥ ነው ብሎ ማሰብ። ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። አንድ የፊልም ኤዲተር አጠገብ ቁጭ ብለው ይመልከቱ። ተዋናይዋ ዓይኗን ከማርገብገቧ በፊት ይቆርጣል፤ መልሶ ያያል፤ ሁለት ፍሬም (የፊልሙን ነጠላ ምስሎች) ይጨምራል፤ እንደገና አይቶ አንዱን ይቀንሳል። ለምን ቢሉት «እንዲህ ይሻላል» ከማለት ያለፈ መልስ የለውም። ፋይሉ የት እንደተቆረጠ ይዟል፣ ለምን እንደተቆረጠ ግን አይናገርም። ፋይሉን የሰረቀ ተፎካካሪ አንድ ፊልም ያገኛል፤ ኤዲተሩን የቀጠረ የሚቀጥሉትን ሁሉ።

ታዲያ ባለሙያውን በውል እንሰረው ማለት። በካሊፎርኒያ ሠራተኛ ወደ ተፎካካሪ እንዳይሄድ የሚያግድ ውል ከ1872 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ዋጋ የለውም፤ የፊልሙ ሆሊውድም የቴክኖሎጂው ሲሊከን ቫሊም ያደጉት እዚያው ነው (ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አላልኩም)። በ1979 እ.ኤ.አ. የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያውን አታሪን ለቀው የወጡ ፕሮግራመሮች ተፎካካሪውን አክቲቪዥንን ሲመሠርቱ፣ ቅሬታቸው የሠሩት ጨዋታ ላይ ስማቸው አለመጠቀሱና ከሽያጩ ድርሻ አለማግኘታቸው ነበር። አታሪ ከሰሰ፤ ክሱ በስምምነት አለቀ፤ አክቲቪዥንም ሥራውን ቀጠለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! በጓሮ መስማማትም አያዋጣም፦ አንዳችን የሌላችንን ሠራተኛ አንንካ ተባብለዋል በሚል ሠራተኞች የከሰሷቸው የፊልም ኩባንያዎቹ ዲዝኒ፣ ፒክሳርና ሉካስፊልም በ2017 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን በ100 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማምተዋል።

«ሐሳባችንን ሰረቁን» ብሎ ጠበቃ ፍለጋ መሮጥ። የቅጂ መብት አገላለጽን እንጂ ሐሳብንና ዘዴን አይጠብቅም፤ የዓለም ንግድ ድርጅት የአእምሮ ንብረት ስምምነት የሆነው ትሪፕስ በአንቀጽ 9 ይህንኑ ይላል። ዘዴው በንግድ ሚስጥርነት ሊጠበቅ ይችላል፤ ለዚያ ግን መጀመሪያ ራስዎ ሚስጥር አድርገው መያዝ አለብዎት።

ሁሉንም መደበቅ። ፒክሳር በኮምፒውተር የተሠራ የ3ዲ ትዕይንትን ወደ ምስል የሚቀይረውን ሬንደርማን የተባለ ሶፍትዌሩን ለተፎካካሪ ስቱዲዮዎች ጭምር ይሸጣል፤ የ3ዲ ትዕይንቶችን ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሚያቀባብለውን ዩኤስዲ የተባለ መሣሪያውን ደግሞ በ2016 እ.ኤ.አ. ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀ። የዋህነት እንዳይመስልዎ። መሣሪያውን የሚያውቅ ሰው በየቦታው ሲበዛ አዲስ ተቀጣሪ ከመጀመሪያው ቀን ወደ ሥራ ይገባል። ታሪኩንና ገጸ ባሕርያቱን ግን እስኪወጡ ድረስ ማንም አያያቸውም።

ፍሪላንሰሩን አለመጠየቅ። ለሦስት ተፎካካሪዎች የሚሠራ የድምፅ ባለሙያ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ዘዴ ይዞ ይዞራል። ብዙዎች ከእሱ ሲደብቁ ይውላሉ። የሌላውን ደንበኛ ሚስጥር አይጠይቁት፤ የእርስዎ ፋይል ሲደርሰው መጀመሪያ ምኑን እንደሚያስተካክል ግን ይጠይቁት።