ለፒያሳ አሮጌ ቤቶች መዋጮ ስትጠሩ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት አርክቴክት ደወለችልኝ። ፒያሳ አካባቢ የእንጨት በረንዳው ወደ መንገድ ያዘመመ አንድ አሮጌ ፎቅ ቤት አለ፤ በኢንተርኔት መዋጮ ልትጠራለት ፎቶ አንስታ፣ ጽሑፍ ጽፋ፣ የባንክ ቁጥር ሳይቀር አዘጋጅታለች። «ቤቱ የማን ነው?» አልኳት። ዝም አለች። ይህን ዝምታ ከብዙ ሰው ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

የመጀመሪያው ስህተት ባለቤቱን ሳያውቁ ገንዘብ መሰብሰብ ነው። አዲስ አበባ መሃል ያለን አሮጌ ቤት የሠራው ሌላ፣ ዛሬ የያዘው ሌላ ነው። አንድ የአርመን ወይም የህንድ ነጋዴ ወይም አንድ መኳንንት ያሠራው ይሆናል። በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ሁሉ ተወረሰ፤ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆነው ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት ድርጅት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ለወራሾች የተመለሰ አለ፣ እስካሁን ክርክር ላይ ያለ አለ፣ ምድር ቤቱ የአንዱ ፎቁ የሌላው የሆነም አለ። እናንተ ከመንገድ የምታዩት አንድ ቤት፣ ወረዳው መዝገብ ላይ አራት የቤት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ካርታው ወይም የኪራይ ውሉ በማን ስም እንደሆነ ኮፒውን በእጃችሁ ሳትይዙ አንድ ብር አትቀበሉ። «ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል» ማስረጃ አይሆንም። «ባለቤቶቹ ተስማምተዋል» የሚባለውም የሁሉም ወራሾች ፊርማ፣ ውጭ አገር ላሉት ደግሞ ውክልና ከሌለው ዋጋ የለውም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው እኔም ስለሠራሁት ነው። ከዓመታት በፊት ከጓደኞቼ ጋር ለአንድ ቤት ጣሪያ ገንዘብ ሰበሰብን። ቆርቆሮው ተገዝቶ ግቢ ውስጥ በወረደ ማግስት አንድ ሰው የፍርድ ቤት እግድ ይዞ መጣ። ቆርቆሮው ሁለት ክረምት ሙሉ ደጅ ተቀመጠ። ካዋጡልን ሰዎች መካከል ጡረታ የወጡ አንድ መምህር ነበሩ፤ 200 ብር በፖስታ አድርገው ነው የሰጡኝ። መንገድ ላይ ባገኘኋቸው ቁጥር «እንዴት ሆነላችሁ፣ ልጄ?» ይሉኝ ነበር። የምመልስላቸው አልነበረኝም።

ከዚሁ ጋር የሚሄደው ፈቃድ ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ላይ የጥገና ሥራ የሚሠራው የቅርስ ባለሥልጣኑ አስቀድሞ ሲፈቅድ ነው። ቤቱ በቅርስነት መመዝገቡን ጠይቁ፤ የከተማው ፕላን ቦታውን ለምን እንዳሰበውም ጠይቁ። በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ የነበረ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

ሌላው፣ እዚያ የሚኖሩትን ሰዎች መርሳት። አንድ ቤት ውስጥ ሜትር ዘርግተን ስንለካ፣ አርባ ዓመት የኖሩበት እናት የቡና ረከቦታቸውን ከመንገዳችን ገለል አድርገው «ቤቱን አሳምራችሁ እኔን ልታስወጡኝ ነው?» አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ማንም አላማከራቸውም ነበር። ጣሪያው በየት በየት እንደሚያፈስ፣ የትኛው ወለል እንደሚሰምጥ ከመሐንዲስ በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ከሥራው በኋላ ዕጣቸው ምን እንደሚሆን በጽሑፍ ሳይታወቅ መዋጮ መጥራት ነውር ነው።

አሁን ስለ ሲሚንቶ። ያዋጣ ሰው ለውጥ ቶሎ ማየት ስለሚፈልግ፣ ገንዘብ አሰባሳቢዎች ልስንና ቀለም ያስቀድማሉ። አሮጌው ግድግዳ ግን በጥድ እንጨትና በማገር ላይ፣ ከጤፍ ጭድ ጋር በቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። በክረምት የሳበውን እርጥበት በበጋ ያስወጣል። በሲሚንቶ ስትለስኑት እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ጭቃው ውስጥ ውስጡን ይላላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ምስጥ ይገባል። እንዲህ የተለሰነ አንድ ግድግዳ በጣቴ ሳንኳኳው ባዶ ድምፅ ሰጠኝ። ጥቂት ፈቅፍቄ ሳየው ከኋላው ያለው ምሰሶ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ። ከውጭ ግን አዲስ ቤት ይመስል ነበር፤ ፎቶውን ያዩ ሰዎችም አመስግነዋል። እባካችሁ፣ መጀመሪያ ጣሪያና አሸንዳ፣ ቀጥሎ ውሃው ከመሠረቱ የሚርቅበት ቦይ፣ ቀጥሎ የኤሌክትሪክ መስመር። እንጨት የበዛበት ቤት በእሳት ፊት ምን ያህል አቅመ ቢስ እንደሆነ በጥር 2007 በጣይቱ ሆቴል ቃጠሎ አይተናል። ልስኑ በጭቃና በኖራ፣ ሙያውን በሚያውቅ ሰው እጅ ይሁን፤ ቀለሙ መጨረሻ ይድረስ።

ገንዘቡን በአንድ ሰው ስም መያዝም ብዙ ወዳጅነት አፍርሷል። ጎፈንድሚ የሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ወደ ኢትዮጵያ ባንክ በቀጥታ ገንዘብ ስለማያስገባ፣ ዋሽንግተን ያለ አንድ ዘመድ በስሙ ይከፍትና በራሱ ሂሳብ ይቀበላል። ቅን ሰው ነው፤ ግን ገንዘቡ በዘገየ ቁጥር ስሙ ይጠፋል። ዕድሮቻችን ይህን ከፈቱት ቆይተዋል፦ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ። በጣምራ ፊርማ የሚንቀሳቀስ ሂሳብ ክፈቱ፤ የቴሌብሯን 50 ብር ጨምሮ ለሁሉም ደረሰኝ ስጡ።

ከስድስት ወር በፊት የተሰጠ የዋጋ ማቅረቢያ (ፕሮፎርማ) ይዛችሁ በጀት አትጻፉ። በሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አልፏል። የባለቤትነቱና የፈቃዱ ጉዳይ ካለቀ፣ ገንዘብ ሲገባ መጀመሪያ ቆርቆሮና እንጨት ግዙ።

«ቤቱን እናድን» ብላችሁም አትለምኑ። አሥር ሜትር አሸንዳ፣ አንድ መስኮት፣ የደረጃው መደገፊያ ብላችሁ ጠይቁ። ሰው የትኛው መስኮት የእሱ እንደሆነ ሲያውቅ በሚቀጥለው ዓመትም ይመጣል።

የደወለችልኝ ልጅ አሁን ወረዳ እየተመላለሰች ነው። ሦስት የቤት ቁጥር ተገኝቷል፤ የሁለቱ ባለመብቶች ታውቀዋል፣ አንዱ ቀርቷል። መዋጮውን አልጀመረችም። በረንዳው ክረምቱን እንዲሻገር ግን ነዋሪዎቹ ከዕድራቸው የድንኳን ዕቃ መካከል ስድስት ጠንካራ የባሕር ዛፍ ቋሚ መርጠው ሰጧት፤ ቅዳሜ ጠዋት አብረን አቁመናቸዋል።