ፒክአፑ ዝቅ ብሎ ተሳቢ አልጎትት ሲል፦ ችግርና መፍትሄ

እንደ ፎርድ ኤፍ 250 እና ሸቭሮሌ ሲ 3500 ያሉ የቆዩ ከባድ ፒክአፖች ቁመታቸው ተቀንሶ ዝቅ ሲሉ ያምርባቸዋል። በዚህ ክርክር የለኝም። ጣጣው የሚመጣው ሥራው አልቆ፣ ፎቶው ተነስቶ፣ ተሳቢ የታሰረ ቀን ነው። የጎማ አየር፣ የሚያፈስ ሾክ አብዞርበርና የተበላ ጎሚኒ (በብረቶቹ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ጎማ) አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ተሳቢ ሲታሰር ኋላው ቁጭ ይላል፤ ጉብታ ላይ ከሥር ይመታል

ደጋግሞ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። ባዶውን ሲነዳ ምንም አይልም። ተሳቢ ሲታሰርበት ጭራው ይቀመጣል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ መሪው ይቀላል። ጉብታ ላይ ደግሞ "ዷ!" የሚል ድምፅ መቀመጫችሁ ድረስ ይመጣል። ከሥር ግቡና ከኋላው አክስል (ሁለቱን ጎማዎች ከሚያገናኘው ብረት) በላይ ያለውን የሻሲውን፣ ማለትም የመኪናውን የብረት አፅም፣ ሆድ እዩ። ቀለሙ ተልጦ የሚያብረቀርቅ ብረት ካያችሁ ሌላ ምርመራ አትድከሙ። አክስሉ ሻሲውን እየቀጠቀጠው ነው።

መንስኤው ከሁለት አንዱ ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሁለቱም አንድ መኪና ላይ ይገኛሉ።

አንደኛው የተቀነሰ ባሌስትራ ነው፤ ባሌስትራ ማለት ቅጠል በሚባሉ ተደራራቢ ብረቶች የተሠራው የኋላ ሞላ ነው። ሁለት ሦስት ቅጠል መዝዞ ማውጣት ቀላል ነው፤ መኪናውም ወዲያው ይወርዳል። የወረደው ግን ስለደከመ ነው። እስቲ አስቡት፤ የተሳቢው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ተሳቢው ከመኪናው ጋር በሚያያዝበት ኳስ ላይ ያርፋል። 3000 ኪሎ ለሚመዝን ተሳቢ ከ300 እስከ 450 ኪሎ ማለት ነው። ኳሱ ደግሞ ከአክስሉ ኋላ ነው ያለው። ስለዚህ የኋላ አክስሉ ላይ የሚወድቀው ከዚያም ይበልጣል፤ ትርፉ ከፊት ጎማዎች ላይ ይነሳል። ይሄን የሚሸከመው ባሌስትራው ነበር። እሱን ደግሞ አውጥታችሁ ጥግ ላይ ጥላችሁታል።

ሁለተኛው መንቀሳቀሻ ማጣት ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ሥር አውጥቶ ከላይ ማስቀመጥ ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ባሌስትራው ሙሉ አቅሙን ይዞ መኪናው ይወርዳል። የሚወርደው በአክስሉ ቱቦና በባሌስትራው እሽግ ውፍረት ልክ ነው። ከባድ መኪና ላይ 15 ሴንቲሜትር ይደርሳል፣ ያልፋልም። ያ ሁሉ የሚቀነሰው አክስሉ ወደ ላይ ከሚሄድበት ቦታ ነው። ሻሲው ላይ ቦታ ካልተከፈተለት የት ይሂድ?

አንዴ ሌላ ጋራዥ የሠራው መኪና መጣልኝ። ከባሌስትራው ግማሹ የለም። በምትኩ የአየር ከረጢት ገብቶለታል። ባለቤቱ "አየር ስሞላ ይችላል ተብዬ ነው" አሉኝ። የአየር ቱቦው በጭስ ማውጫው ጎን ተስቦ፣ ቀልጦ፣ ተጭነው በሚሄዱበት መንገድ ላይ ተበሳ። አክስሉ ሻሲው ላይ ተቀምጦ፣ የፍሬን መስመሩን ጨፍልቆ ነው የደረሱት። የአየር ከረጢት ደጋፊ ነው። ጭነት ሲበዛ ቁመቱን ያስተካክላል እንጂ ባሌስትራን አይተካም። በር ላይ የተጻፈውን የመኪናውን አቅምም አይጨምርም! ይሄን ለስንት ሰው እንዳስረዳሁ እኔው አውቃለሁ።

መፍትሄው ይኸውላችሁ። የወጡትን ቅጠሎች መልሱ፤ ከደከሙ እሽጉን በሙሉ ቀይሩ። አክስሉን ከባሌስትራው በላይ አድርጉ። ከዚያ ከአክስሉ በላይ ያለውን ሻሲ ከታች በኩል በግማሽ ክብ ቁረጡና የተቆረጠውን ቦታ የሚያጠናክር የብረት ሳህን ግጠሙ። ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ብሱ፣ በእሳት አትብሱ። ቡሎኖቹ የጥንካሬ ደረጃቸው 10.9 ይሁን። ርካሽ ቡሎን አንገቱ ሲበጠስ አይቻለሁ፤ ሳህኑ እንደ ልቅ ጥርስ ይነቃነቃል። ሻሲ ቆርጦ ያለ ሳህን መተው ግን ወንጀል ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ከመቁረጣችሁ በፊት በሻሲው ውስጠኛ ጎን የሚያልፈውን የነዳጅ መስመር፣ የፍሬን መስመርና ሽቦ ፈታችሁ አርቁ። ባትሪውን ንቀሉ። የነዳጅ መስመር ደግሜ ልበል፤ የነዳጅ መስመር!

አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስረውን ዩ ቦልት አዲስ ግዙ፤ አንዴ የተሳበ ዩ ቦልት ተመልሶ አይታሰርም። የመጀመሪያውን ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ ደግማችሁ አጥብቁት። አጠር ያለ ሾክ አብዞርበርና አዲስ ማቆሚያ ጎማ (አክስሉ ሻሲውን እንዳይመታ የሚቀበለው) አድርጉ። በመጨረሻ የሾኩ ዘንግ ላይ የፕላስቲክ ማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩና ተሳቢውን ጭናችሁ ንዱ። ማሰሪያው እስከየት እንደተገፋ ይነግራችኋል። እኔ መኪናው ተጭኖ ቆሞ በአክስሉና በማቆሚያው መካከል ከ7 ሴንቲሜትር በታች ከቀረ አልለቅም።

ስትጎትቱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል

ባዶውን ትንሽ፣ ጭነት ሲስብ ብዙ ይንቀጠቀጣል። ክሮቼራው (የሻፍቱ የመስቀል መገጣጠሚያ) ገና ተቀይሮ ያልቃል፤ ጫፎቹን በያዙት ኩባያዎች ዙሪያ ቀይ የዝገት ዱቄት ታያላችሁ። ሰው ሁሉ ከካምቢዮው ወደ ኋላ አክስል ኃይል የሚያደርሰውን ሻፍት ባላንስ ሊያስደርግ ይሮጣል። ብር ማባከን ነው። መጀመሪያ የዲፈረንሻሉን አፍንጫ፣ ማለትም ሻፍቱ የሚታሰርበትን ጫፍ፣ አንግል ለኩ።

አክስሉ ከባሌስትራው ሥር ወደ ላይ ሲዛወር የባሌስትራው መቀመጫ እንደገና ይበየዳል። በዓይን ግምት የበየደ ሰው ይሄን ችግር አብሮ በይዶታል። ሻፍቱ አንድ ወጥ ከሆነ የካምቢዮው መውጫና የዲፈረንሻሉ አፍንጫ ትይዩ መሆን አለባቸው። እኔ አፍንጫውን ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ አድርጌ ነው የምተወው፤ መኪናው ሲስብ ባሌስትራው ስለሚጠማዘዝ ወደ ላይ ይነሳላ። ክሮቼራው የሚሠራበት አንግል ከ3 ዲግሪ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ዜሮም አይሁን፤ በኩባያዎቹ ውስጥ ያሉት የኩሽኔታ መርፌዎች ካልተንቀሳቀሱ አንድ ቦታ ይበላሉ።

የምትለኩት ጎማዎቹ መሬት ይዘው ነው፤ ክሪክ ላይ የተለካ አይቆጠርም። መቀመጫውን መጀመሪያ በነጥብ ብቻ ያዙት፣ ለኩ፣ ከዚያ ጨርሱት። ሻፍቱ ለሁለት የተከፈለ ከሆነ የመሃሉን ኩሽኔታ ከፍታም አስተካክሉ። ማስተካከያ ሽብልቅ ካስፈለገ ብረት ይሁን። አልሙኒየሙ ጭነት ሲበዛበት ይሰነጠቃል፤ ሲሰነጠቅ ደግሞ ዩ ቦልቱ ይላላል።

ሌሎቹ

ተሳቢው አፍንጫውን ከደፋ ኳሱም ከመኪናው ጋር ስለወረደ ነው። ኳሱ የሚቀመጥበትን ብረት ከፍ ባለው ቀይሩና ተሳቢው ወለል ሆኖ ይቁም። ሁለት አክስል ያለው ተሳቢ ከተደፋ የፊቱ አክስል ይበዛበታል፤ ጎማው ይሞቃል።

ባዶውን ፍሬን ስትይዙ የኋላ ጎማ ቀድሞ ከቆለፈ፣ ከአክስሉ ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ቫልቭ እንዳለው እዩ። አክስሉ ወደ ሻሲው ስለቀረበ ቫልቩ መኪናው የተጫነ ይመስለዋል፤ ለኋላው ብዙ ግፊት ይለቃል። ዘንጉን አስተካክሉት። በዝናብ ቀን ቀልድ አይደለም።

የፊት ጎማ በውስጥ በኩል ከተበላ አላይመንት አልተሠራም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1965 ጀምሮ በመጣው የፎርድ መንታ አይ-ቢም (እያንዳንዱ የፊት ጎማ በራሱ ብረት፣ በቢም፣ የሚያዝበት) ላይ ግን አላይመንት ብቻውን አይበቃም። ሞላው ሲያጥር ጎማው በላይ በኩል ወደ ውስጥ ያጋድላል፤ ቢሙ ራሱ ለዝቅታ በተሠራው መቀየር አለበት።

በእሳት ተለብልቦ የወረደ የፊት ሞላ ካገኛችሁ ጣሉት። ብረቱ ጥንካሬውን አጥቷል፣ አይመለስም። ሻጩ "ለመልክ ነው እንጂ ችግር የለውም" ቢላችሁም ጣሉት።