ጥቅስ ከመለጠፋችሁ በፊት

ባሕር ዳር ውስጥ የባጃጅ ስቲከር እቆርጣለሁ። ሱቄ ከጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይርቅም። አብዛኛው ሰው የሚያሠራኝ ጥቅስ ነው። የባጃጅ መስታወት ደግሞ ጠባብ ነው፤ ስለዚህ አሳጥረዋለሁ። እንግዲህ ቃሉን በማሽን እየቆረጥኩ እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ።

የነቃሁት አንዲት እናት መጥተው "ያን የለጠፍክልኝን ንቀልልኝ" ያሉኝ ቀን ነው። ጭማቂ ቤት ሲከፍቱ በሩ ላይ "ጅማሬህ ታናሽ ቢሆንም እንኳ ፍጻሜህ እጅግ ይበዛል" የሚለውን ለጥፌላቸው ነበር። ቤቱ ዓመት ሳይሞላው ተዘጋ። "ምን በድዬው ይሆን፣ ልጄ?" አሉኝ። መልስ አጣሁ። ማታ ቤት ገብቼ ኢዮብ ምዕራፍ 8ን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት።

መጀመሪያ ጠይቁ፦ ማን ነው የሚናገረው? ለማን? ያን ጥቅስ፣ ቁጥር 7ን፣ የተናገረው እግዚአብሔር አይደለም፤ ኢዮብም አይደለም። የኢዮብ ባልንጀራ ሹሐዊው በልዳዶስ ነው። የሚናገረው 10 ልጆቹን በአንድ ቀን ላጣ ሰው ነው። ወደ ቁጥር 4 ከፍ ብትሉ፣ ልጆችህ የሞቱት በበደላቸው ነው እያለው ነው። እንዲህ የሚል ለቅሶ ደራሽ እኛ ሰፈር ቢመጣ ከድንኳኑ ይወጣል። ቁጥር 6 ላይ ደግሞ አንተ ንጹሕና ቅን ብትሆን ቤትህ ይቃናል ይለዋል። የምንወደው ጥቅስ የሚመጣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ምርቃት ይመስላል፤ ውስጡ ግን ክስ አለ። ያልበዛለት ሰው በድሎ ነው ማለት ነው። እኚያ እናት ምዕራፉን ሳያነቡ የገባቸው ይኸው ነበር።

እዚያ ላይም አትቁሙ። 42፥7 ላይ እግዚአብሔር ኤልፋዝን፣ አንተና ሁለቱ ባልንጀሮችህ ስለ እኔ ቅን ነገር አልተናገራችሁም ብሎ ይቆጣዋል። ከሁለቱ አንዱ በልዳዶስ ነው። ኢዮብ በኋላ በዝቶለታል፤ 14,000 በጎቹ ሳይቀሩ ተቆጥረዋል። ግን በልዳዶስ ባሰበው ሒሳብ አይደለም። ለእናታችን ይህን ነገርኳቸው። የተዘጋ ሱቅ የኃጢአት ደረሰኝ አይደለም አልኳቸው። ስቲከሩንም በነጻ ነቀልኩት።

ሌላው ነገር፣ ስታነቡ ቁጥሮቹን እርሷቸው። ጳውሎስ ቁጥር አልጻፈም። አዲስ ኪዳንን ዛሬ በምናውቃቸው ቁጥሮች ከፋፍሎ በ1551 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ሮበርት ኤስቲየን የሚባል ፈረንሳዊ ነው። አታሚ ነበር፤ የሙያ ዘመዴ ልበለው። ቁጥሩ ቦታውን ለማግኘት ይረዳል፤ እዚያ ጋ ቁረጡ ማለት ግን አይደለም። በተለይ "ስለዚህ"፣ "ነገር ግን"፣ "እንግዲህ" ብሎ የሚጀምር ቁጥር ካያችሁ የግድ ወደ ላይ ውጡ።

ደብዳቤ ከሆነ ሙሉውን በአንድ መቀመጫ ጨርሱት። ፊልጵስዩስ 4 ምዕራፍ ብቻ ነው። አቦል ላይ ብትጀምሩ በረካ ሳይቀዳ ያልቃል። "ኃይልን በሚሰጠኝ በክርስቶስ ሁሉን እችላለሁ" የሚለው እዚያ ነው፤ ለፈተናም፣ ለእግር ኳስም፣ ለመኪና መግዣም የምንጠቅሰው። ጳውሎስ ግን የጻፈው ታስሮ ነው። ሁለት ቁጥር ከፍ ስትሉ "የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል ማለትን ተምሬአለሁና" ይላል። ቀጥሎም መጥገብንና መራብን ያነሳል። አማርኛችን ላይ መቻል ሁለት ፊት አለው። አንዱ ማድረግ መቻል ነው፤ ሌላው ያዘነን ሰው "ቻለው" የምንልበት ነው። ከላይ ያሉት ቁጥሮች የሚስቡት ወደ ሁለተኛው ነው።

ቦታውንም በዓይናችሁ ሳሉት። ለኛ ይህ ቀላል ነው። ማርቆስ 4 ላይ ማዕበሉ ሲነሳ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ሲነሳበት ጣናን በጀልባ የተሻገረ ሰው የደቀ መዛሙርቱ ፍርሃት ይገባዋል። "ወደ ማዶ እንሻገር" ያለው ራሱ ጌታ ነው፤ ማዕበሉ የመጣው ታዘው ሲሄዱ ነው። ስለዚህ ማዕበል ያገኘው ሁሉ መንገድ ስቷል አይባልም።

አሁን ወደ ኑሯችሁ አምጡት። የመጀመሪያዎቹ ሰሚዎች ምን ላይ ነበሩ? የኔ ነገር ከነሱ ጋር የሚገናኘው የቱ ጋ ነው? በዚህ ሳምንት ምን ላድርግ? የመጨረሻው ጥያቄ መልስ በእጅ የሚሠራ ነገር ይሁን። አንድ ጎረቤቴ ቪዛ እየጠበቀ ሥራ አቁሞ ነበር። ስልኩ ላይ "ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ" የሚለውን ኤርምያስ 29፥11ን አድርጎ ነበር። አብረን ከቁጥር 1 ጀመርን። ባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች የተላከ ደብዳቤ ነው። ቁጥር 10 ላይ ሰባ ዓመት ይላል። እስከዚያስ? ቁጥር 5፦ ቤት ሠርታችሁ ተቀመጡ፣ አታክልት ትከሉ። ቁጥር 7፦ የከተማይቱን ሰላም ፈልጉ። ልጁ ዝም ብሎ ቆየና በሳምንቱ ወደ ጋራዡ ተመለሰ።

አሁን ጥቅስ ለሚያሠራኝ ሁሉ ምዕራፉን በስልኬ ከፍቼ አስነብበዋለሁ። የሚሰለች አለ፤ ሌላ ሱቅ የሄደብኝም አለ። ባለፈው አንዱን የባጃጅ ሹፌር "ሁሉን እችላለሁ" ከምትል "የምኖርበት ኑሮ ይበቃኛል" ላድርግልህ ወይ አልኩት። ትንሽ አሰበና ሳቀ።

"ወንድሜ፣ ይሄንን ከለጠፍኩማ ተሳፋሪው ሁሉ ሒሳብ ቀንስ ሊለኝ ነው!"