መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚጠፋ የቤት ሰርቨር፦ ችግርና መፍትሄ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢዋ ለግል አገልግሎት ተተክለው የማያቸው ሰርቨሮች (ለሌሎች ማሽኖች አገልግሎት የሚሰጡ ኮምፒውተሮች) በአብዛኛው ከቢሮ የወጡ አሮጌ ዴስክቶፖች ናቸው፤ ኡቡንቱ ወይም ዴቢያን (ሁለቱም የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ዓይነቶች ናቸው) ተጭኖባቸው ያለ ሞኒተርና ያለ ኪቦርድ ከቴሌቪዥን ኋላ ይቀመጣሉ። ገመዱ መሰካቱንና ራውተሩ መነሳቱን አስቀድመው አይተዋል ብዬ እጀምራለሁ።

ምልክት፦ መብራት ከመጣ በኋላ ማራገቢያው ይዞራል፣ ሰርቨሩ ግን ለፒንግም («አለህ ወይ» ብሎ መጠየቂያ) ለኤስኤስኤችም (ከሩቅ ገብቶ ማዘዣ) መልስ አይሰጥም።

ስልኬ ከሚጠራባቸው ምክንያቶች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ ሰዎችም መጀመሪያ የሚጠረጥሩት ሊኑክስን ነው። አንድ የማውቀው መምህር ኡቡንቱን ሦስት ጊዜ እንደ አዲስ ጭኖ፣ ሳያስፈልገው የኔትወርክ ካርድ ገዝቶ ከጨረሰ በኋላ ነበር የጠራኝ። ለካ ሞኒተር በሰካ ቁጥር «ለመቀጠል ኤፍ 1ን ይጫኑ» የሚለውን ጽሑፍ ሳያነብ እየተጫነ ያልፈው ኖሯል።

ምክንያት፦ የማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ክብ ባትሪ አልቃለች። የኃይል ገመዱ ተሰክቶ መብራት እስካለ ድረስ ሰዓቱ ከፓወር ሰፕላዩ ኃይል ስለሚያገኝ የባትሪዋ መሞት አይታወቅም፤ መብራት ሲሄድ ግን ሰዓቱም የባዮስ (ማሽኑን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) ቅንብሩም ይጠፋሉ፤ ባዮሱም ሲነሳ ስህተት አግኝቶ አንድ ሰው ኤፍ 1ን እስኪጫንለት ይቆማል። ኪቦርድ በሌለው ማሽን ላይ ይህ ጥበቃ ማለቂያ የለውም።

መፍትሄ፦ የኃይል ገመዱን ይንቀሉ፤ ባትሪዋን አውጥተው በመልቲሜትር ይለኩ። አዲስ ባትሪ ከ3 ቮልት በላይ ያነባል፤ ከ2.7 በታች ያነበበችውን ይቀይሯት። የምትፈለገው ሲአር 2032 ናት፤ ቁጥሩ 20 ሚሊሜትር ስፋትና 3.2 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው። «ያው ናት» ተብለው 2025 እንዳይገዙ፤ ውፍረቷ 2.5 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ መያዣው ውስጥ ትላላለች። ደብረ ሲና ላይ አንድ ማሽን ስከፍት ባለቤቱ ይህንኑ ክፍተት በማስቲካ ብልጭልጭ ወረቀት ሞልቶት አገኘሁ፤ ወረቀቱ ተንሸራቶ የባትሪዋን ሁለት ፊቶች በማገናኘቱ አዲሷ ባትሪ ሳትሠራበት አልቃለች። በቀጭን ላስቲክ የምትሸጠው፣ የፋብሪካ ስም የሌላት ባትሪም ዕድሜዋ ከዚህ ብዙ አይሻልም። የመደመር ምልክቱ ወደ ላይ ይሁን። የወጣችውን ባትሪ ሕፃናት ከሚደርሱበት ያርቁ፤ ከተዋጠች ጉሮሮ ታቃጥላለች።

ባትሪ ቀይሮ ዝም ማለት አይበቃም። ባዮስ ውስጥ ገብተው መብራት ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ያድርጉ፤ ይህም ቅንብር ከሌላው ጋር ጠፍቷልና። ኪቦርድ ባለመኖሩ እንዳይቆምም ይከልክሉት። ከዚያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። ሊኑክስ የማዘርቦርዱን ሰዓት በዩቲሲ (ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ በሆነው ዓለም አቀፍ ሰዓት) ስለሚያነብ፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን እዚያ የሚጻፈው 06:00 ነው። ዓመቱም የፈረንጅ ነው። መሀል ሜዳ ያለ አንድ ወዳጄ የኛን ዘመን ጽፎ፣ የበይነመረብ ሰዓት ማስተካከያም ስላልነበረው፣ የድረ ገጾችን ማንነት የሚያረጋግጡት ሰርተፊኬቶች ሁሉ «ጊዜው ገና ነው» እየተባሉ ሁለት ቀን አስለፍተውታል።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ነገር ግን ፓኬጅ (የሊኑክስ ፕሮግራም) አይታደስም፣ ዋየርጋርድም (በበይነመረብ ላይ የግል መስመር የሚዘረጋ ፕሮግራም) አይገናኝም።

ምንጩ ያችው ባትሪ ናት፤ ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ነው። ዋየርጋርድ የግንኙነት ጥያቄውን ሲልክ የሰዓት ማኅተም ያትምበታል፤ ተቀባዩም ቀድሞ ካየው የሚያንስ ማኅተም ከመጣ ድምፅ ሳያሰማ ይጥለዋል። ስለዚህ የቤቱ ሰርቨር ጠሪ ከሆነና ሰዓቱ ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ ቁልፎቹን እንደ አዲስ ማመንጨት ከንቱ ድካም ነው። ሰዓቱን ያስተካክሉ፣ አገልግሎቱን እንደገና ያስነሱ።

ምልክት፦ ሰርቨሩ ተነስቷል፤ አድራሻው ግን ተቀይሯል።

ራውተሩ ሌላ አድራሻ ሰጥቶታል። በማክ አድራሻው (በኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) ራውተሩ ላይ ቋሚ ቦታ ያስይዙለት። ራውተሩ ከሚያድለው ክልል ውስጥ አንዱን መርጦ ሰርቨሩ ላይ ብቻ መጻፍ አንድ ቀን ከአንድ ስልክ ጋር ያጋጨዋል።

የቀሩትን ባጭሩ። ማሽኑ «ኢመርጀንሲ ሞድ» ላይ ከቆመ፣ ኤፍኤስታብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚያያዙ ዲስኮች ዝርዝር) ውስጥ የተጻፈው የውጭ ዲስክ ስላልተገኘ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ ላይ «ኖፌይል» (ዲስኩ ባይገኝም ቀጥል ማለት ነው) ይጨምሩ። ፍጥነቱ ከ1000 ወደ 100 ሜጋቢት ከወረደ የገመዱን ጫፍ እንደገና ያስሩ። ራውተሩ ከውጭ የያዘው አድራሻ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ክልል ከሆነ የውጭውን አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራልና ፖርት መክፈት (ከውጭ ለሚመጣ ጥሪ ራውተሩ ላይ በር መክፈት) አይሠራም፤ ከቤት ወደ ውጭ የሚጠራ ዋየርጋርድ ያስፈልግዎታል። ኔትፕላንን (የኡቡንቱን የኔትወርክ ቅንብር) ከሩቅ ሆነው ሲነኩ ደግሞ በ«አፕላይ» ፋንታ «ትራይ» ይበሉ፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላጸደቁት ወደ ነበረበት ይመለሳል።