ሊኑክስ ከባሕር ዳር፦ ሳትበሳጩ መጀመር፣ ሳትገፉ መጠየቅ

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ አሮጌ ላፕቶፕ አይወድም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ አምጣ ይላል፣ ፕሮሰሰርህን አላውቀውም ይላል። እዚህ ባሕር ዳር ተማሪው እጅ ላይ የሚገኘው ላፕቶፕ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያገለገለ ነው። ከዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፖሊም ከፔዳም፣ "ሊኑክስ ብጭንበትስ?" የሚል ሰው የማይጠፋው ለዚህ ነው። ሊኑክስ በዊንዶውስ ፋንታ ኮምፒውተሩን የሚያሠራ ነፃ ሲስተም ነው። ጫኑ። ግን የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያበሳጫሉ፤ እርዳታ ፍለጋ ኢንተርኔት ላይ ስትወጡ ደግሞ የሚመልስላችሁ ሰው ከሊኑክሱ በላይ ሊያበሳጫችሁ ይችላል። እዚህ የምጽፈው ስለ ሁለቱም ነው፣ ይበልጥ ግን ስለ ሁለተኛው።

ሊኑክስ ብዙ ዓይነት አለው፤ የቱን እንጫን በሚለው ላይ አንጨቃጨቅ። ለጀማሪ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ ይበቃል። ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ የሚንትን ኤክስኤፍሲኢ እትም ውሰዱ፣ ቀለል ይላል። አንዱ ጎበዝ አርች የሚባለውን ከበድ ያለ ዓይነት ይዞ "አርች ካልጫንክ ሊኑክስ አላወቅክም" ቢላችሁ ከመጠምጠም መማር ይቅደም በሉት። ሚንት ወደ 3 ጊጋ ነው፣ ኡቡንቱ 24.04 ደግሞ ወደ 6 ጊጋ ይጠጋል። በሞባይል ዳታ አታውርዱት፤ ግቢ ውስጥ ጥሩ ዋይፋይ የሚያገኝ ጓደኛ ፈልጉ፣ ወይ ካወረደ ሰው በፍላሽ ገልብጡ። ከእጅ ወደ እጅ የዞረ ፋይል ከሆነ ግን ሻ-256 (SHA-256) የሚባለውን የፋይሉን መለያ ቁጥር ዋናው ድረ ገጽ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ማውረዱ መሃል ላይ ኔትወርክ ተቆራርጦ ፋይሉ ተበላሽቶ ከሆነ፣ ጭነቱ እኩል ላይ ቀጥ ይልና ጥፋቱን በላፕቶፑ ታሳብባላችሁ።

ፋይሉን ማስነሻ ፍላሽ አድርጋችሁ፣ ከመጫናችሁ በፊት በላይቭ አስነሱት፤ ማለትም ዲስኩን ሳይነካ ከፍላሹ ብቻ ይሠራል። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ ብሉቱዙን፣ የስክሪኑን ብርሃን እዚያው ሞክሩ። ዋይፋዩ እምቢ ካለ ስልካችሁን በገመድ አገናኙና ዩኤስቢ ቴዘሪንግ አብሩ። ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ተጨማሪ ድራይቨር ይቀበለዋል። የዋይፋይ ድራይቨር ለማውረድ ዋይፋይ አጥቶ ግራ ለገባው ሰው ከዚህ የተሻለ መውጫ አላውቅም። ፋይላችሁንም ሌላ ቦታ ገልብጡ። ይህን አላብራራውም።

ሳትጠይቁ የምትፈቷቸው

ጀማሪ ሁሉ የሚጠይቃቸው ጥቂት ነገሮች አሉ፤ ለእነሱ ሰው አታስቸግሩ። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ ሱዶ (sudo፣ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አሠራ ማለት ነው) ብላችሁ ፓስወርድ ስትጽፉ ስክሪኑ ላይ ምንም ላይታይ ይችላል፣ ኮከብም ነጥብም። ኪቦርዱ አልተበላሸም፤ ጽፋችሁ ኢንተር በሉ። ተርሚናል ውስጥ ለመገልበጥ ኮንትሮልና ሲ አይሠራም፤ እንዲያውም የሚሄደውን ሥራ ያቋርጠዋል። ሺፍት ጨምሩበት። ትልቁና ትንሹ የላቲን ፊደል ደግሞ ሊኑክስ ዘንድ አንድ አይደሉም።

ዊንዶውስና ሊኑክስ አብራችሁ ከጫናችሁ፣ ከሊኑክስ ወጥታችሁ ዊንዶውስ ስትገቡ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ ልታገኙት ትችላላችሁ። ይህ ከሐበሻ ሰዓት ጋር ግንኙነት የለውም፤ የእኛ ልዩነት 6 ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሊኑክስ የማሽኑን ሰዓት በዓለም አቀፉ ሰዓት ይሞላዋል፣ ዊንዶውስ ደግሞ እዚያ ያገኘውን ቁጥር የአገሩ ሰዓት አድርጎ ያነበዋል፣ ኢትዮጵያ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት ስለምትቀድም ጉድለቱ 3 ይሆናል። ታይምዴትሲቲኤል (timedatectl) በሚባለው ትእዛዝ ሊኑክስም የአገር ሰዓት እንዲይዝ ማድረግ ይቻላል፤ በዚህ ስም ፈልጉት፣ መልሱ አንድ መስመር ነው።

የመብራት ነገር ግን ሰፋ አድርጎ ማውራት ይፈልጋል። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ ይዛችሁ አፕዴት እያደረጋችሁ መብራት ጥፍት ሲል፣ የፕሮግራም ጫኙ ዲፒኬጂ ሥራውን እኩል ላይ ጥሎት ይቀራል። ከዚያ በኋላ ምንም ነገር ልጫን ስትሉ "ዲፒኬጂ ተቋርጧል" የሚል ስህተት ይመጣል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ቆርጦ ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ ይጭናል። መድኃኒቱ እኮ እዚያው ስህተቱ ውስጥ ተጽፏል! የትኛውን ትእዛዝ እንደምትጽፉ ቃል በቃል ይነግራችኋል። ገልብጣችሁ ለጥፉት፣ ኢንተር፣ አለቀ። ሌላው "ሎክ ማግኘት አልቻልኩም" የሚለው ነው፤ ይህ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ አፕዴት ከጀርባ እየሄደ ነው ማለት ስለሆነ ቡና ጠጥታችሁ ተመለሱ። የሎክ ፋይሉን አጥፋ የሚል ምክር ታገኛላችሁ፤ አትቸኩሉ። ትልቅ አፕዴት ደግሞ ባትሪ ሳይኖር ወይም መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ቀን አይጀመርም።

አማርኛ ለመጻፍ አይባስ-ኤም17ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን ጫኑ፣ ወጥታችሁ ግቡ፣ ከኪቦርድ ቅንብር አማርኛን በሴራ አቀማመጥ ጨምሩ። በላቲን ድምፅ እየጻፋችሁ ፊደሉ ይወጣል።

ጥያቄ አጻጻፍ

አሁን ወደ ዋናው። እኛ አገር ጉዳይ በቀጥታ አይጀመርም። ሰላምታ አለ፣ ጤና ይጠየቃል፣ ቤተሰብ ይጠየቃል፣ ከዚያ "አንድ ነገር ላስቸግርህ ነበር" ይመጣል። ጥሩ ነገር ነው፣ ለሰው። የሊኑክስ ባለሙያዎች ባሉበት ግን "ሰላም፣ ሰው አለ?" ብላችሁ ጽፋችሁ ብትጠብቁ ማንም አይመልስላችሁም። ጨዋነት ጎድሏቸው አይምሰላችሁ። ጥያቄያችሁን ሳያዩ እሺ ብሎ መግባት ስለማይፈልጉ ነው። ሰላምታውንና ጥያቄውን በአንድ መልእክት አድርጉት፣ ሰላምታውን አንድ ቃል።

"ወገኖች እባካችሁ ዋይፋዬ አልሠራ አለኝ፣ ነገ ፕሬዘንቴሽን አለብኝ፣ ፍጠኑልኝ።" እንዲህ ያለ ጥያቄ ባጃጅ አስቁሞ የት እንደሚሄዱ ሳይናገሩ "ቶሎ ንዳ" እንደማለት ነው። ነገ ያላችሁ ፕሬዘንቴሽን ካናዳ ላለ ሰው ምንም አይነግረውም። ይልቅ ይህን ተመልከቱ፦

"ሊኑክስ ሚንት 22 ኤክስኤፍሲኢ፣ ኤችፒ ላፕቶፕ፣ የዋይፋይ ካርዱ ብሮድኮም ቢሲኤም43142። የኔትወርክ ዝርዝር ውስጥ ምንም ዋይፋይ አይታይም። በስልክ ገመድ ኢንተርኔት አገኛለሁ። በድራይቨር ማናጀር የብሮድኮሙን ድራይቨር ጫንኩ፣ ሪስታርት አደረግኩ፣ ለውጥ የለም። በእጄ ላስነሳው ስል 'Key was rejected by service' ይላል።"

የሚያውቅ ሰው የመጨረሻዋን መስመር ሲያይ ነገሩ ገብቶታል። ሴኪውር ቡት የሚባለው የማሽኑ መከላከያ በርቷል፤ ያልተፈረመ ድራይቨር አያስገባም። ወይ ድራይቨሩን የሚያስፈርመውን ቁልፍ ታስመዘግባላችሁ፣ ወይ ባዮስ (ከዊንዶውስም ከሊኑክስም በፊት የሚነሳው የማሽኑ ቅንብር) ገብታችሁ ሴኪውር ቡትን ታጠፋላችሁ። (ዊንዶውሱ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ መክፈቻ ቁልፉን አስቀድማችሁ ያዙ፣ ሊጠይቃችሁ ይችላል።) አያችሁ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ አስር መልእክት ያመላልሳል፣ ሁለተኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ይዘጋል። ልዩነቱ የእንግሊዝኛ ችሎታ አይደለም። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ጻፉት፣ ማንም አይስቅም፤ የስህተቱ መልእክት ግን ሳይተረጎም፣ ሳይታጠር፣ አንድ ፊደል ሳይነካ ይግባ።

ስለ ማሽኑ ምን እንደምትጽፉ ካላወቃችሁ ሚንት ላይ "ሲስተም ኢንፎርሜሽን" የሚል ክፍል አለ፤ ሁሉንም ዘርዝሮ ያወጣና መገልበጫ ቁልፍም አለው። የስክሪን ፎቶ በስልክ አንስታችሁ አትላኩ። የደበዘዘ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ተገልብጦ አይፈለግም፣ ሰውየውም አጎንብሶ ማንበብ አይፈልግም። ጽሑፍ ላኩ። ማሽኑ ጭራሽ ካልተነሳ ብቻ ነው ፎቶ የሚፈቀደው። ቮይስ ሜሴጅም ይቅር፤ እኛ ቴሌግራም ላይ ለምዶብናል፣ ግን ስህተት በድምፅ ሲነበብ ማን ይከተለዋል?

ሌላ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ነገር፦ ዋናውን ፍላጎት መደበቅ። "ይህን ፎልደር እንዴት ለሁሉም ክፍት ላድርግ?" ይላል። ለምን ሲባል ዋናው ችግሩ ዲ የሚለው የዊንዶውስ ዲስክ ላይ መጻፍ አለመቻሉ ሆኖ ይገኛል። ያ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሊኑክስ ፈቃድ ጋር አይገናኝም። ዊንዶውስ ፋስት ስታርታፕ የሚባለውን ስለሚጠቀም ሲጠፋ በደንብ አይጠፋም፣ ሊኑክስም ዲስኩ እንዳይበላሽ ለንባብ ብቻ ይከፍተዋል። ዊንዶውስ ገብቶ ፋስት ስታርታፕን ማጥፋት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ምን ለማድረግ እንደፈለጋችሁ ጻፉ፣ ከዚያ የሞከራችሁትን።

የት እንደምትጠይቁም ለዩ። አስክ ኡቡንቱ የሚባለው የጥያቄና መልስ ድረ ገጽ የኡቡንቱና የይፋ እትሞቹ ብቻ ነው። የሚንት ጥያቄ እዚያ ብታቀርቡ ይዘጋባችኋል፣ ያኔ "ጠሉኝ" አትበሉ። ለሚንት የራሱ መድረክ አለው፤ ለሁሉም የሚሆን ደግሞ ዩኒክስ ኤንድ ሊኑክስ የሚባለው አለ። ሰዓቱንም አስቡበት። እዚህ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን ኒውዮርክ ቀትር ገደማ ነው፣ በርሊን ደግሞ ሰው ከሥራ ወደ ቤቱ የሚገባበት። ጠዋት ጠይቃችሁ ምሳ ላይ መልስ ካጣችሁ አሜሪካ ያሉት ተኝተው ነው። ጥያቄውን ደጋግማችሁ አትለጥፉ።

መልሱ ሲመጣ

መልሱ ደረቅ ነው። "ማኑዋሉን አንብብ።" "ይህ ተጠይቋል።" ሊንክ ብቻ፣ ያለ ሰላምታ። እንደኛ በአክብሮት ለለመደ ሰው ፊት ላይ በር እንደተዘጋ ይሰማዋል። አብዛኛው ግን ስድብ አይደለም፤ ያለ ክፍያ በትርፍ ሰዓቱ የሚመልስ ሰው ነው፣ ሊንኩ ውስጥም መልሱ አለ። እውነተኛ ባለጌም አለ፣ አልዋሽም። የሊኑክስን ከርነል (የሲስተሙን እምብርት) እ.ኤ.አ. በ1991 ሄልሲንኪ ተማሪ ሳለ የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ ራሱ በኃይለ ቃሉ የታወቀ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ለጥቂት ጊዜ ከሥራው ገለል ብሏል። ባለጌ ከገጠማችሁ አትመልሱለት። ጠቃሚ ነገር የጻፈ ሌላ ሰው ካለ ለእሱ ብቻ መልሱ።

ከደረቁ ሰው ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ይሉኝታችን ነው። የተነገረን አልሠራልንም፣ ግን ሰውየውን ደግሞ ማስቸገር ስለሚያሳፍረን "እሺ አመሰግናለሁ" ብለን እንጠፋለን። አታድርጉት። "ሞከርኩት፣ አሁን ይህን ይላል" ብላችሁ አዲሱን ስህተት ለጥፉ። ያልገባችሁን ቃል "ይህ ምንድነው?" በሉ። ለእነሱ ይህ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሳይናገሩ መጥፋት ነው።

ያገኛችሁትን ትእዛዝ ሁሉ ግን አትለጥፉ። በተለይ ሱዶ ያለበትን። በአርኤም (rm) የሚጀምር ትእዛዝ ያጠፋል፣ ዲዲ (dd) የሚባለው ዲስክ ላይ ሳይጠይቅ ይጽፋል፣ 777 የሚል ፈቃድ ደግሞ በሩን ለሁሉም ክፍት ይተዋል። ከድረ ገጽ አውርዶ ወዲያው በሱዶ የሚያስኬድ መስመር ካያችሁ መጀመሪያ ፋይሉን ከፍታችሁ እዩት። ተርሚናል ላይ ማን (man) የሚለውን ቃል ጽፋችሁ የትእዛዙን ስም ብታስከትሉ መመሪያው እዚያው ይወጣል፤ ኢንተርኔት በተቋረጠ ቀንም ይሠራል፣ ለእኛ ደግሞ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። የመልሱን ቀንም እዩ፤ ለኡቡንቱ 12.04 የተጻፈ መፍትሔ 24.04 ላይ ጥፋት ሊያመጣ ይችላል። ቻትጂፒቲን የምትጠይቁም እንደዚያው፤ ጥሩ ያስረዳል፣ አንዳንዴ ግን የሌለ አማራጭ ፈጥሮ በልበ ሙሉነት ይሰጣችኋል፣ በማን (man) ትእዛዝ አረጋግጡት።

ሲፈታላችሁ ጥያቄው ሥር ምን እንዳደረጋችሁ ጻፉና "ተፈቷል" የሚል ምልክት አድርጉበት። ከዚያ ያንኑ በአማርኛ አሳጥራችሁ የግቢያችሁ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ጣሉት፣ የሊኑክሱን ቁጥርና የላፕቶፑን ሞዴል ጨምራችሁ። የስህተቱን መልእክት ግን በእንግሊዝኛው እንዳለ ተዉት፤ ሰው ነገ ሲፈልግ የሚጽፈው እሱን ነው።