የስድስት ኪሎን ግቢ ታሪክ ከአትክልተኞቹ ጋር ለመጻፍ

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ግቢ ታሪክ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው የሕንፃውና የባለሥልጣናቱ ጉዳይ ነው። ቦታው ቀድሞ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት እንደ ነበረ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው እንደ ሆነ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው እንደ ሰጡት በየመጻሕፍቱ ይገኛል። ዛፎቹን ማን ተክሎ፣ ማን አጠጥቶ እንዳሳደጋቸው ለመጻፍ የሚፈልግ ግን ከዛፎቹ ሥር መጀመር አለበት።

ግቢውን በእግር እየዞሩ የትልልቅ ዛፎችን ስምና ቦታ ይመዝግቡ፤ የግንዳቸውንም ዙሪያ ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍታ ላይ ይለኩ። ጽድ፣ ወይራና ዝግባ አገር በቀል ስለ ሆኑ ከቤተ መንግሥቱ በፊት በቅለው ሊሆን ይችላል፤ ባሕር ዛፍ ግን፣ ስሙም እንደሚናገረው፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ ነው። በወደቀ ዛፍ ጉቶ ላይ ቀለበት ቆጥሮ ዕድሜ መናገር አያስተማምንም፤ በልግና ክረምት በሚፈራረቁበት አገር ቀለበቱ በዓመት ሁለት ጊዜ ሊወጣ ይችላልና። ስሙ የጠፋብዎትን ዛፍ ቅጠልና አበባ አራት ኪሎ ወደሚገኘው ብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙና ማከማቻ) ይውሰዱ።

ቀን ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ሲያገኙ ከቤተ መንግሥቱ ፊት ያለውን የሲሚንቶ መሰላል ይፈልጉ። ጣሊያኖች የፋሺስትን የሥልጣን ዘመን በየዓመቱ አንድ ደረጃ ቆጥረው ያቆሙት ሲሆን የይሁዳ አንበሳ ጫፉ ላይ የተቀመጠው ከነጻነት በኋላ ነው። ስለዚህ አንበሳው ከታየ ፎቶው ከ1933 ዓ.ም. ወዲህ የተነሣ ነው፤ በስተ ኋላው የሚታየውም ዛፍ ያን ጊዜ ምን ያህል ቁመት እንደ ነበረው በዚያው ይታወቃል።

ዋናው ሥራ ከአትክልተኞቹ ጋር የሚደረገው ጭውውት ነው። ጡረታ የወጡትን አስቀድመው ያግኙ፤ በአንቱታ፣ ቢቻል እዚያው ግቢ ውስጥ እየተዘዋወሩ ይጠይቋቸው፤ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የረሳውን ዛፉን ሲያይ ያስታውሰዋልና። «በስንት ዓመተ ምሕረት?» ብሎ መጠየቅ እምብዛም አይጠቅምም። ይልቁንም በ1967 ዓ.ም. ተማሪው ለዕድገት በኅብረት ዘመቻ በወጣ ጊዜ ግቢውን ማን ያጠጣ እንደ ነበር፣ ውኃው ከየት ይቀዳ እንደ ነበር፣ ችግኙስ ከየት ይመጣ እንደ ነበር ይጠይቁ። የነገሩዎትንም ከመዝገብ ቤት ሰነድ ጋር ያመሳክሩ። ቋሚ ሠራተኛ የግል ማኅደር ይኖረዋል፤ የቀን ሠራተኛውን ስም ግን፣ ከተገኘ፣ የሚያገኙት በቆየ ፔሮል ላይ ከአውራ ጣት አሻራው ጎን ነው።

ጽሑፉ ሲያልቅ ከማሳተምዎ በፊት ለተናገሩት ሰዎች ጮክ ብለው ያንብቡላቸው፤ ስማቸው እንዲጠራ ይፈቅዱ እንደ ሆነም ያን ጊዜ ይጠይቋቸው።