የወንዝ ዳር ከተማን ታሪክ እንዴት እንመርምር? ኪንግስተን በምሳሌነት

በአሜሪካ ምሥራቃዊ ክፍል ካሉት የቅኝ ግዛት ዘመን ከተሞች የአንዷን ታሪክ ለማጥናት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከሐውልቶችና ከጄኔራሎች ስም ነው። በእኔ አስተያየት መጀመር ያለበት ከውኃው ነው፤ ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች፣ በምን እንደበለጸገችና ጠላት በየት በኩል እንደደረሰባት የሚያስረዳው እሱ ነውና። አካሄዱን በኒው ዮርክ ግዛት፣ በሃድሰን ወንዝ አቅራቢያ በምትገኘው በኪንግስተን ላይ አሳያለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ካርታ ዘርግተው የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ ይመልከቱ። የአትላንቲክ ውኃ ሙላትና ጉድለት በሃድሰን ላይ እስከ ትሮይ ከተማ ድረስ ስለሚዘልቅ ባለ ሸራ መርከቦች ከኒው ዮርክ ወደብ ተነሥተው ወደ መሀል አገር ጠልቀው ይገቡ ነበር። በ1650ዎቹ መጀመሪያ የደች (የሆላንድ) ሰፋሪዎችን ወደዚህ የሳባቸው ግን የኢሶፐስ ጅረት የሚያጠጣው ለም ሜዳ ሲሆን፣ ሜዳውም ባዶ መሬት ሳይሆን የአገሬው ነባር ነዋሪ የሆነው የኢሶፐስ ሕዝብ በቆሎ የሚያመርትበት እርሻ ነበር። ግጭቱ ሲበረታ የደቾች ቅኝ ግዛት የኒው ኔዘርላንድ አስተዳዳሪ ፒተር ስታይቬሰንት በ1658 ተበታትነው የሰፈሩትን ገበሬዎች ሜዳውን ቁልቁል በሚያይ አምባ ላይ ሰብስቦ በግንድ አጥር እንዲከለሉ አደረገ። ኖርዝ ፍሮንት፣ ግሪን፣ ሜይን ስትሪትና ክሊንተን አቬኑ የሚባሉት የዛሬ መንገዶች ያንን አጥር ስለሚከተሉ የጥንቱን ቅጥር በእግር መዞር ይቻላል።

ቀጥሎ ከተማዋ በየዘመኑ የተጠራችባቸውን ስሞች ይመዝግቡ፤ አለበለዚያ ሰነዶቹ አይገኙም። መጀመሪያ ኢሶፐስ፣ ከ1661 ጀምሮ ቪልትቪክ፣ እንግሊዞች ቅኝ ግዛቱን በ1664 ከያዙ በኋላ ደግሞ በ1669 ኪንግስተን ተባለች። የሰዎቹም ስም እንዲሁ ያስቸግራል። ደቾች የአባትን ስም ያስከትሉ ስለነበር (ለእኛ እንግዳ አይደለም) የያን ልጅ ያንሰን እየተባለ ይጻፋል፤ በእንግሊዝ አገዛዝ ዘመን ቋሚ የቤተ ሰብ ስም ሲለመድ ግን ያው ሰው በሁለት ዓይነት ስም ሊመጣ ይችላል። ከ1660 የሚጀምረው የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ እዚህ ላይ ይረዳል፤ እናትን ብዙውን ጊዜ በባልዋ ስም ሳይሆን በራስዋ ስም ይጠራል፣ ምስክሮችንም ይዘረዝራል።

ቀኖችን ሲገለብጡ አይቸኩሉ። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ሰነዶች በጁሊየስ (በቀድሞው) አቆጣጠር ይጻፉ ስለነበርና አዲሱ ዓመትም በማርች 25 ይብት ስለነበር፣ «ፌብሩዋሪ 1700» የሚል ጽሑፍ ዛሬ 1701 የምንለው ዓመት ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ከብሪታንያ ነፃ የወጣችበትን የአብዮት ዘመን ሲመረምሩ እያንዳንዱን ድርጊት በወንዙ ላይ ከሚካሄደው ጦርነት ጋር ያያይዙ። የኒው ዮርክ ከተማ በ1776 በብሪታንያ እጅ ስለወደቀ የአማፅያኑ መንግሥት ወደ ሰሜን እየሸሸ ኪንግስተን ደረሰ፤ የግዛቲቱ የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት በአፕሪል 20 ቀን 1777 የጸደቀው፣ ጆርጅ ክሊንተንም በጁላይ የመጀመሪያው ገዥ ሆኖ ቃለ መሐላ የፈጸመው እዚያ ነው። በኦክቶበር 6 ቀን ብሪታንያውያን በደቡብ በኩል ወንዙን ይጠብቁ የነበሩትን ሁለት ምሽጎች ሲይዙ መንገዱ ተከፈተላቸው፤ በዚያው ወር በ16 የጄኔራል ጆን ቮን ወታደሮች ከመርከብ ወርደው ከተማዋን አቃጠሏት። በማግስቱ ሌላው የብሪታንያ ጄኔራል በርጎይን በሳራቶጋ እጁን ሰጠ። ቮን በዘገባው ከተማዋን አመድ ያደረግኋት ከየቤቱ ስለተተኮሰብን ነው ሲል ምክንያቱን አቅርቧል። እንዲህ ያለውን ዘገባ ሲያነቡ ጸሐፊው ለአለቆቹ የሚሰጠው ማመካኛ መሆኑን ያስቡና ከተቃጠሉት ወገን ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን ያስቀምጡት። ሕንፃዎቹንም ቢሆን በጥንቃቄ ይዩአቸው፤ ብዙዎቹ ከኖራ ድንጋይ የተሠሩ ስለነበሩ ጣሪያና ወለላቸው ነደደ እንጂ ግድግዳቸው አልፈረሰም፤ ስለዚህ አንድ ቤት የ1670ዎቹ ግድግዳና ከ1777 በኋላ የገባ እንጨት በአንድነት ሊኖሩት ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው መዝገቡ በጎን ብቻ የሚጠቅሳቸውን ሰዎች መፈለግ ነው። ስታይቬሰንት በ1660 ከኢሶፐስ ምርኮኞች የተወሰኑትን ለባርነት በካሪቢያን ባሕር ወዳለችው የደቾች ደሴት ኩራሳው ልኳል። የ1777ቱ ሕገ መንግሥትም ባርነትን አልሻረም፤ በኒው ዮርክ ባርነት ያከተመው በጁላይ 4 ቀን 1827 ነው። በእርሻዎቹ ላይ በባርነት የሠሩት አፍሪካውያን ድምፃቸውን በራሳቸው ጽሑፍ የማስቀረት ዕድል እምብዛም ስላልነበራቸው፣ ፍለጋው በኑዛዜዎች፣ በንብረት ዝርዝሮች፣ በሽያጭ ውሎችና ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን በሚፈልጉ የጋዜጣ ማስታወቂያዎች ውስጥ ይካሄዳል። በኑዛዜ ላይ ከበሬና ከማረሻ ቀጥሎ የተጻፈ የአንድ ሰው ስም ሲያጋጥምዎ ስሙን፣ ዓመቱንና የባለ ንብረቱን ስም በተለየ ዝርዝር ይያዙ፤ ያው ስም በሌላ ሰነድ ላይ ዳግም ሲገኝ ሁለቱን የሚያገናኘው ያ ዝርዝር ነው።